ምዕራፍ አምስት፦ ብርድ ልብሱ ለሁሉም፣ ቼኩ ለማን?

አሜሪካ ውስጥ ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ ወይም ሰደድ እሳት ቤቱን የወሰደበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ዓይነት እርዳታ ያጋጥመዋል። አንደኛው የሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው፦ ታጣፊ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ የታሸገ ውሃ፣ ትኩስ ምግብ፣ ስኳር ላለበት ኢንሱሊን። ሁለተኛው ጠረጴዛና ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ነው፦ ስም፣ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፊርማ። የመጀመሪያው ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛው ወረቀት ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር የማያውቅ ስደተኛ የማይከለከለውን ብርድ ልብስ ፈርቶ መኪናው ውስጥ ያድራል፤ ወይም መፈረም የሌለበትን ወረቀት ፈርሞ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው መዘዝ ያመጣል። ሁለቱም ጉዳት ነው፤ ሁለቱም የሚመጣው ካለማወቅ ነው።

መስመሩን ያሰመሩት ሁለት ሕጎች ናቸው። (በዚህ ምዕራፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አንደኛው በ1988 የወጣው የስታፎርድ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንቱ አንድን አካባቢ የአደጋ ቀጠና ብለው ሲያውጁ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብና የሰው ኃይል የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሕግ ሲሆን፣ እርዳታው ሲታደል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት፣ በእንግሊዝኛ ችሎታም ሆነ በኑሮ ደረጃ አድልዎ እንዳይደረግ ያዝዛል። ሁለተኛው በኦገስት 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት የዌልፌር ማሻሻያ ሕግ ነው። ይህኛው የፌዴራል ጥቅማጥቅም ለዜጎችና «ብቁ» ለተባሉ ስደተኞች ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ለአደጋ ጊዜ ግን አንድ በር ተወ፦ የአጭር ጊዜ፣ በዓይነት የሚሰጥ፣ ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ እርዳታ ለማንም ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የዚህ አንድ ሐረግ ውጤት ነው። ከጣሪያ ላይ በጀልባ መነሣት፣ ከእሳቱ መንገድ በአውቶቡስ መውጣት፣ መጠለያ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ የድንገተኛ ሕክምና፣ ለተረበሸ ሰው የሚሰጥ የሥነ ልቦና ምክር፣ እነዚህ ሁሉ ከበሩ በዚህኛው ወገን ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልሆነው የአሜሪካ ቀይ መስቀልም በመጠለያው ለሚያድር ሰው የኢሚግሬሽን ሁኔታውን አይጠይቅም። ነገር ግን አዳራሹ ተዘግቶ ሰው ወደ ፈረሰው ቤቱ ሲመለስ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። የወር ኪራይ፣ የጣሪያ ጥገና፣ የተቃጠለ መኪና ምትክ፣ የቀብር ወጪ፤ ይህ በገንዘብ የሚሰጥ በመሆኑ ከበሩ በዚያኛው ወገን ይቀራል። ሕጉ አንድን ሰው ከሞት አትርፎ ኑሮውን ለራሱ የሚተው መሆኑ ነው። እኔ ይህን አከፋፈል ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ጎርፍ ያጠፋው ቤት እንደ ጎርፉ ሌሊት አስቸኳይ ባይመስልም፣ በሁለተኛው ወር ሜዳ ላይ የምትቀር እናት ከአንደኛው ሌሊት ይልቅ ብቻዋን ናት።

«ብቁ» የሚባለው ማነው? ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት ተመዝግቦ የገባ፣ የጥገኝነት ጥያቄው የጸደቀለት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በፓሮል፣ ማለትም በልዩ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ፣ እንዲገባ የተፈቀደለት፣ ከኩባና ከሄይቲ በልዩ ደንብ የገባ፣ በትዳር ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውና የሰው ንግድ ሰለባ የሆኑ አንዳንድ ሰዎች። ከዝርዝሩ የቀረውን ማየት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የተማሪ ቪዛ ያለው የለበትም። የሥራ ቪዛ ያለው የለበትም። ጥገኝነት (አሳይለም) ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው የለበትም፤ የሥራ ፈቃድ፣ ሶሻል፣ መንጃ ፈቃድ ይዞ፣ በየዓመቱ ታክሱን እየከፈለ ኬዙን ለዓመታት ቢጠብቅም የለበትም። በ2022 ለኢትዮጵያውያን እንደተፈቀደው ያለ ጊዜያዊ ጥበቃ፣ ቲፒኤስ የምንለው፣ ያለውም የለበትም። «እኔ ሕጋዊ ነኝ» ብሎ በሙሉ ልብ ወደ ቢሮው የሚሄድ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። አገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መኖርና በአደጋ ሕግ ዓይን ብቁ መሆን ለየብቻ ናቸው።

መስመሩ በየቤቱም ውስጥ ያልፋል። አባት ወረቀት የለውም እንበል፤ እናት ኬዟ ፍርድ ቤት ነው፤ የአራት ዓመት ልጃቸው ሜሪላንድ የተወለደች አሜሪካዊት ናት። ፌማ፣ ማለትም የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር፣ ማመልከቻ የሚቀበለው በቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቁ ከሆነ ቤተሰቡ ማመልከት ይችላል። ያ አንድ ሰው ሕፃን ቢሆንም ይቻላል። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች፣ ሶሻል ካላት፣ አደጋው ሲደርስም ከወላጆቿ ጋር ትኖር ከነበረ፣ እናት ወይም አባት በልጅቷ ስም ያመለክታሉ። የወላጆቹ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠየቅም፤ የእነሱ ሶሻልም አያስፈልግም።

ቅጹን ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ፈራሚው ሐሰት ቢሆን በወንጀል እንደሚጠየቅ ተስማምቶ ከተዘረዘሩት ሣጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዱ ሣጥን ፈራሚው ራሱ ዜጋ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ነው። ሌላው ሣጥን ከእሱ ጋር የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ብቁ የሆነ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መሆኑን የሚገልጽበት ሲሆን፣ የልጁ ሙሉ ስምና ዕድሜ የሚጻፍበት መስመር አለው። ለቸኮለ ዓይን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። እርዳታ ለመስጠት የተቀመጠ ቅን ሰው፣ ወይም እንግሊዝኛ ይሻላል ተብሎ የተጠራ ዘመድ፣ የመጀመሪያውን ሣጥን ጠቅ አድርጎ «እዚህ ጋ ፈርም» ሊል ይችላል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ግን በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ነው፤ በኋላ በትዳርም ሆነ በልጅ በኩል ግሪን ካርድ የማግኘትን መንገድ ይዘጋል፤ ይቅርታ የሚደረግበትም ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ለልጅ የሚያመለክት ወላጅ ሣጥኑን በራሱ ዓይን አይቶ፣ ካልገባው አስተርጓሚ አስጠርቶ፣ የልጁን ስም በመስመሩ ላይ አስጽፎ ነው መፈረም ያለበት። የፌማ ስልክ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ዘመድን ከማስቸገር ይህ ይሻላል።

የሚገኘው ገንዘብ የጠፋውን ሁሉ አይተካም። በ2024 የበጀት ዓመት ጣሪያው ለቤት ጉዳይ 42,500 ዶላር፣ ለሌሎች ፍላጎቶች ደግሞ ሌላ 42,500 ዶላር ነበር፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያገኘው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በዚያው ዓመት በማርች በተጀመረ ለውጥ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ፣ የሕፃን ወተትና ነዳጅ የሚሆን 750 ዶላር ቶሎ የሚሰጥበት አሠራር መጣ። «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አንድ የጎደለ ሰነድ፣ ለምሳሌ የኪራይ ውል ወይም የመድን ድርጅት ደብዳቤ፣ ለዚያ መልስ በቂ ምክንያት ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

እስካሁን ያልነው ሕጉን ነው። ሰውን ከመጠለያው በር የሚመልሰው ግን ከሕጉ ይልቅ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፌማ ከ2003 ጀምሮ ያለው በአገር ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በሆምላንድ ሴኩሪቲ ሥር ነው፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ይዞ የሚያባርረው አይስም የዚያው መሥሪያ ቤት ክፍል ነው። ፌማ ለዓመታት ሲናገር የኖረው መረጃን በራሱ ተነሣሽነት ለኢሚግሬሽን እንደማይልክ ነው፤ ቅጹ ራሱ ግን መረጃው ለሌሎች የመሥሪያ ቤቱ ክፍሎች ሊጋራ እንደሚችል ይናገራል። ለልጁ የሚያመለክት አባት ስለ ራሱ ሁኔታ ባይጠየቅም አድራሻውን ይሰጣል። ይህን ማወቅ አለበት፤ አመዛዝኖ፣ የሚቻል ከሆነም ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተማክሮ መወሰን ያለበት ራሱ ነው። «አትፍራ» ብሎ ዝም ማሰኘት ወዳጅነት አይደለም።

በኦገስት 2017 ሃሪኬን ሃርቪ ወደ ቴክሳስ ሲገሰግስ የድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት በደቡብ ቴክሳስ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉ ኬላዎቹ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ እንደማይነሡ አስታወቀ። ሽሽ የተባለ ወረቀት የሌለው ሰው ከፊቱ ኬላ፣ ከኋላው ማዕበል ሆነበት። ሂውስተን በውሃ ስትዋጥ የከተማዋ ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ጠበቃም ስለነበሩ፣ እርዳታ ሊጠይቅ መጥቶ የመባረር አደጋ የሚገጥመው ሰው ካለ ራሳቸው እንደሚቆሙለት በአደባባይ ተናገሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያች ከተማ የከንቲባ ቃል ከስንት በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር በካሊፎርኒያ የተነሣው የቶማስ እሳት ሌላውን ችግር አሳየ። በቬንቱራ አውራጃ ከሜክሲኮ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች አሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሚሽቴክ የሚባለውን የነባር ሕዝቦች ቋንቋ እንጂ ስፓኒሽ በቅጡ አይናገሩም። የማስጠንቀቂያው መልእክት ስፓኒሽ ለሚናገሩት እንኳ ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ሰዎቹ በጭስ ውስጥ፣ ብዙዎቹ መከላከያ ጭንብል ሳይኖራቸው፣ እንጆሪ ሲለቅሙ ሰነበቱ። ወረቀት የሌላቸው ሥራ ቢያቆሙ የሚያገኙት የሥራ አጥ ክፍያ የለም፤ የተቃጠለባቸው ቤት ሳይሆን የጠፋባቸው የቀን ገቢ ስለሆነም በየትኛውም የጉዳት መዝገብ ላይ በቀላሉ አይታዩም። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ማድረጉ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ባለባቸው ሌሎች ከተሞችም ይኼው መጠየቅ አለበት።

በ2021 ሆምላንድ ሴኩሪቲ የአደጋ እርዳታ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች እንደ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን አይስ በጥንቃቄ ሊርቃቸው ከሚገባ ቦታዎች ጋር አብሮ ቆጥሮ ነበር። ያ መመሪያ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ተሻረ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ሎስ አንጀለስን ያቃጠሉት የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች የተነሡት በጃንዋሪ 7 ነው፤ መመሪያው ሲሻር እሳቶቹ ገና ሙሉ በሙሉ አልተገቱም፤ የእርዳታ ማዕከሎቹም ሰው እያስተናገዱ ነበር። ቤታቸው ባይቃጠልም የሚያጸዱት ቤትና የሚያለሙት አትክልት ከባለቤቶቹ ቪላ ጋር የነደደባቸው የቤት ሠራተኞችና አትክልተኞች በዚያ ሳምንት እርዳታ ሲፈልጉ የማዕከሉን ደጅ ከመርገጣቸው በፊት ሁለቴ ማሰብ ነበረባቸው። በፓሳዴና የቀን ሠራተኞች ማዕከል የተሰባሰቡት ስደተኞች ግን አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው በነፋስ የወደቀውን ዛፍና ፍርስራሽ ከሰፈሩ መንገድ ላይ አነሡ።

ስደተኞች አደጋ ያፈረሰውን መልሰው ማንሣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ከሃሪኬን ካትሪና በኋላ ኒው ኦርሊንስን መልሰው ከሠሩት የግንባታ ሠራተኞች አራተኛው እጅ ገደማ ወረቀት የሌላቸው እንደነበሩ በ2006 የወጣ የቱሌንና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናት አግኝቷል። በዚያ አደጋ ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ሰነዳቸው የጠፋባቸውን ተፈናቃዮች ያለ ወረቀት የሚቀጥር አሠሪ ለ45 ቀን እንደማይቀጣ አስታውቆ ነበር። ወረቀት በጎርፍ እንደሚጠፋ፣ ደንብም በመከራ ቀን ሊላላ እንደሚችል መንግሥት ያውቃል ማለት ነው። ለሥራ የላላውን ደንብ ለእርዳታ ማላላት ለምን ይከብዳል? ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የተቋቋመው የተጎጂዎች ካሳ ፈንድም በዓለም ንግድ ማዕከል የሞቱ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞችን ቤተሰቦች አላገለለም። በሰሜኑ ሕንፃ አናት ላይ በነበረው ዊንዶውስ ኦን ዘ ወርልድ ሬስቶራንት ብቻ 73 ሠራተኞች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ።

በፌዴራሉ ሕግ የተተወውን ክፍተት አንዳንድ ክልሎችና ሰፈሮች በራሳቸው ሞልተዋል። በ2017 የሰሜን ካሊፎርኒያ ሶኖማ አውራጃ ሲነድ የቀን ሠራተኞች ማዕከልና የሠራተኛ መብት ማኅበራት ተባብረው ወረቀት ለሌላቸው ብቻ የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። በ2020 ኮንግረስ ለኮቪድ ያወጣው የ1,200 ዶላር ቼክ ግብር በአንድነት ከሚያስታውቁ ባልና ሚስት አንዱ ሶሻል ከሌለው ሁለቱንም የሚያስቀር ነበር፤ የተስተካከለው በዲሴምበር ነው። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት በጀት መድባ፣ ወረቀት ለሌለው አዋቂ ሰው 500 ዶላር ሰጠች። ገንዘቡን ያደሉት 12 የስደተኛ ድርጅቶች ናቸው፤ ስልኮቻቸው በመጀመሪያው ቀን በጥሪ ብዛት ተጨናነቁ። ኒው ዮርክ በ2021 ከፌዴራል እርዳታ ለተገለሉ ሠራተኞች 2.1 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ማስረጃው የተሟላለት ሰው 15,600 ዶላር አገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የሃሪኬን አይዳ ዝናብ በኩዊንስ ቤዝመንት የሚኖሩ ስደተኞችን በተኙበት ሲያሰጥም ደግሞ ከተማውና ክልሉ ፌማ ለማይቀበላቸው ሰዎች 27 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። በ2023 የፓሃሮ ወንዝ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሰብሮ የእንጆሪ ለቃሚዎቹን መንደር ሲያጥለቀልቅ ካሊፎርኒያ ለአዋቂ ሰው 1,500 ዶላር የሚሰጥ የ95 ሚሊዮን ዶላር መርሐ ግብር ከፈተች።

ካሊፎርኒያ በድርጅቶች በኩል መስጠቷ በአስተዋይነት የተደረገ ነው። ስምና አድራሻውን የሚሰበስበው ሰፈሩ የሚያውቀው ድርጅት ሲሆን ፈሪውም ይመጣል፤ ድርጅቱም እውነተኛውን ችግረኛ ከሌላው ይለያል። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚከፈት ቢሮ ያን አመኔታ በሳምንት አያገኘውም።

ይህን በእኛው ሰው ላይ ያየነው ከአሜሪካ ይልቅ በቤይሩት ነው። በሊባኖስ በሰው ቤት ከሚሠሩት ስደተኛ ሴቶች ብዙውን እጅ የሚይዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በከፋላው ሥርዓት የሴቲቱ መኖሪያ ፈቃድ የታሰረው በአሠሪዋ ላይ ነው፤ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማዳሟ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቤቱን ያለ ፈቃድ ለቃ የወጣች ቀን ሕገ ወጥ ትሆናለች። የአገሪቱ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በሐዝሚየ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ሄዱ። ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ በወደቡ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። መታወቂያ የሌላት፣ በስሟ የተከራየችው ቤት የሌላት፣ አሠሪዋ የጣላት ሴት በየትኛው መዝገብ ትገባለች?

የደረሰላት ቀድሞም ከአጠገቧ የነበረ ነው። እኛ ለእኛ በስደት የተባለውን ድርጅት በ2017 ያቋቋሙት በሊባኖስ የሠሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው፤ ከመሥራቾቹ ባንቺ ይመር ራሷ በዚያ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች። ፍንዳታው ሲደርስ ድርጅቱ ለተጣሉ ሴቶች ምግብና የቤት ኪራይ ማደል ከጀመረ ወራት ሆኖታል፤ ስለዚህ ማን የት ሰፈር እንደምትኖር ያውቃል። በ2024 መጸው ጦርነት የደቡብ ሊባኖስንና የቤይሩትን ሕዝብ ሲያፈናቅል የመንግሥት መጠለያዎች ለዜጎች ነው እየተባለ ስደተኛ ሠራተኞች ከበር ተመለሱ። ያኔም ያስጠለሉት እንደ አሽረፊየው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ቀድሞም ስደተኞች የሚሰባሰቡባቸው ቦታዎችና ሴቶቹ ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው።

ከዚህ የምወስደው ለዕድሮቻችን፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ለመስጊዶቹና ለኮሚዩኒቲ ማኅበራቱ የሚሆን ሥራ ነው። አሜሪካ ያሉ ዕድሮች ሰው ሲሞት ምን እንደሚያደርጉ አሳምረው ያውቃሉ፤ በእጅ ስልካቸው ውስጥ ያለው የአባላት ዝርዝር ለጎርፍና ለእሳትም ያገለግላል። በቤዝመንት የሚኖረው ማን ነው? እንግሊዝኛ የማትናገረውን አሮጊት ሌሊት በሩን አንኳኩቶ የሚያወጣት ማን ነው? የትኛው ቤተሰብ ነው ዜጋ ልጅ ያለው፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትና የሶሻል ካርድ ፎቶስ ከቤት ውጭ ተቀምጧል? ቅጹን ከፈራሚው ጋር አብሮ የሚያነብ፣ በነፃ የሚያማክር ጠበቃ ስልክ ቁጥሩ የታወቀ ነው? የማንም የወረቀት ጉዳይ ሳይጻፍ ይህን ሁሉ መያዝ ይቻላል፤ መጻፍም የለበትም። ፌማ ለማመልከት የሚሰጠው 60 ቀን የሚቆጠረው አደጋው ከታወጀበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ በዚያው ሳምንት እሑድ ቢጠራ አይፈጥንም።